ሲስተር ገዲሴና የወደቀው ታብሌት

ሲስተር ገዲሴ ማረፏን የሰማሁት ወለል እየወለወልኩ ነው። በቦታዋ የተተካችው ልጅ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች «እኛ ጋ ትሠራ የነበረችው ገዲሴ?» ስትል ሰማሁ። ትንሽ ቆይታ «በባጃጅ? የት ጋ?» አለች። ከጫንጮ ወዲያ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ወደ አንዲት ነፍሰ ጡር ቤት ስትሄድ ነው። ባጃጁ ተገልብጦ ሹፌሩ ተረፈ፤ እሷ ሆስፒታል ሳትደርስ አለፈች። ልጅቷ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረችና «ታውቂያት ነበር አይደል?» አለችኝ።

«አብረን ሠርተናል» አልኳት።

መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ የጀመርኩትን ጨረስኩ። ያ ወለል ታብሌቷ የወደቀበት ወለል ነው። የጣልኩት እኔ ነኝ። ይህን አምና መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ሰዉ ሁሉ «ቀኗ ደርሶ ነው» ይላል። እኔ ግን እዚያ መንገድ ላይ ምን እንዳወጣት አውቃለሁ።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የምጽፈውን ፊደል የምታርምልኝ ትልቋ ልጄ ሰላም ናት። እሷም ነገሩን ከዚህ በፊት አልሰማችውም፤ እያነበበች ነው የምታርመው። አንዳንዴ እስክሪብቶውን ታስቀምጥና ታየኛለች።

የጤና ኬላችን ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ ነው ያለው። ሁለት ክፍል፣ አንድ የክትባት ፍሪጅ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ሲስተር ገዲሴ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች፤ ሥራዋ ቤት ለቤት መዞር ነው። እኔ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዋ ከእኔ ቢያንስ አሥር ዓመት ያንሳል፤ ግን ስንሄድ ከኋላ የምቀረው እኔ ነበርኩ። አጭር፣ ደረቅ ያለች፣ እግሯ የማይደክማት ሴት። የገበሬ ልጅ ናት። ኦሮምኛና አማርኛን በአንድ ትንፋሽ ነው የምትናገረው። የሰው ግቢ በር ላይ ስትደርስ «አካም ቡልተን» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምራ «ቤቶች፣ ውሻውን ያዙልኝ» ብላ ትጨርሳለች። እኔን «አዴ ያልጋ» ነበር የምትለኝ። እዚህ አገር አዴ ማለት እናት ማለት ነው፤ ከወሎ ለመጣሁት ለእኔ ይህን ስም የሰጠችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

በር ላይ ቆማ አትመዘግብም። «ቆሜ የጻፍኩት ውሸት ነው» ትላለች። ስለዚህ ገብታ ትቀመጣለች፤ ወንበር ከሌለ ጀሪካን ገልብጣ፣ እሱም ከሌለ ድንጋይ ላይ። ሴት ነፍሰ ጡር ትሁን አትሁን አትጠይቅም። በእኛ ሰፈር ሆድ ሳይገፋ እርግዝናውን የሚናገር የለም፤ ዓይን ይፈራል። ገዲሴ ይህን ስለምታውቅ «እስቲ ውሃ አጠጡኝ» ትላለች። ሴትየዋ ተነስታ ውሃ ልታመጣ ስትሄድ ከኋላዋ አይታ ታውቃለች። አካሄዷን፣ ስትነሳ እጇን የት እንደምታሳርፍ። ውሃውን ጠጥታ እስክትጨርስ ነገሩን በሌላ በኩል ታመጣዋለች። ከዚያ በአውራ ጣቷ የሴትየዋን የእግር አጥንት ጫን ታደርግና ታነሳለች። ጣቷ ያረፈበት ጎድጉዶ ከቀረ፣ እብጠት አለ ማለት ነውና፣ «ነገ አይደለም፣ አሁን ተነሽ» ትላታለች። እንዲህ ብላ ከልብስ እጥበት ላይ ያስነሳቻትን ሴት አይቻለሁ፤ እጇ ላይ አረፋ እንዳለ ነው ጤና ጣቢያ የወሰደቻት።

ያ ታብሌት የመጣላት ጊዜ ፈራችው። መዝገብ ነበር የለመደችው። በኋላ ግን ከእጇ አልለይ አላት። የእህቷ ልጅ ያደገበትን ሮዝ የሕፃን ብርድ ልብስ አምጥታ በእሱ ጠቅልላ ታቅፈው ጀመር። ጥንቸል የተሳለበት ነው። ሴቶቹ ስትመጣ ሲያዩዋት «ሲስተር፣ ልጁ ጥርስ አወጣ?» ይሏታል። «ጥርስማ አውጥቷል፤ ቻርጅ ካላጠባሁት ግን ያለቅሳል» ትላቸዋለች። አንዷ «አባቱ ማነው?» ብላ ነገር ስትፈልጋት «መንግሥት ነው፤ እሱም አንድ ቀን መጥቶ አላየውም» አለቻት። በሳቅ ሞቱ።

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ መናገር ግድ ነው። ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ልጆቼ ሁለት ናቸው። ከጤና ኬላው በፊት ሰበታ አጠገብ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ እሠራ ነበር። እዚያ አንድ ጠዋት መቀስ ጠፋ ተባለና እኔ የቆምኩበት መስመር ላይ የነበርነውን ስድስት ሴቶች አንድ ላይ አስወጡን። ማን ወሰደ የሚል ጥያቄም አልነበረም። ሽርጣችንን አስፈትተው በር ላይ ለቀቁን። ከዚያን ቀን ወዲህ የሥራ ቦታ ዕቃ ስነካ እጄ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ይጥላል። ጤና ኬላው ውስጥም ሥራዬ ኮንትራት ነው፤ በየስድስት ወሩ ይታደስልሻል ይሉኛል።

አምና በጥር ነው፣ ከጥምቀት በኋላ። ሲስተር ገዲሴ ታብሌቱ ባትሪው አልቆ ጠረጴዛው ላይ ሰካችውና «እዚህ ቅርብ ቤት ደርሼ እመጣለሁ» ብላ ወጣች። ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ከሥሩ አንጥፋለት ነበር። እኔ መወልወል ጀመርኩ። የቻርጀሩ ገመድ ከግድግዳው እስከ ጠረጴዛው ተንጠልጥሏል። የመወልወያው እንጨት ገመዱን ያዘው፤ እኔ ደግሞ ሳላይ ሳብኩት። ታብሌቱ በማዕዘኑ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

ሳነሳው በርቷል። ከማዕዘኑ የተነሳች ቀጭን ስንጥቅ፣ እንደ ፀጉር፣ እስከ መሃል ድረስ ሄዳለች። ተመስገን አልኩ፤ ስንጥቋን ላታያት ትችላለች ብዬም አሰብኩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እጄን ሳነሳ ግን ስክሪኑ ራሱን በራሱ መነካካት ጀመረ። ማንም ሳይነካው ይከፍታል፣ ይዘጋል። የሴቶቹ ስም የሚጻፍበት ቦታ ተከፈተና አንድ ፊደል ተደጋግሞ ሲጻፍበት አየሁ፤ ከመስመሩ አልፎ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። መስኮቱ ዝግ ነው። እኔ ጣቴን አላሳረፍኩም።

የሆነ ነገር ገባበት ብዬ ነው ያሰብኩት። ምን ልበላችሁ፣ ያኔ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ትንሿ ልጄ በሳል ስትሠቃይ ሰንብታ ከጠበሉ ቦታ ጠበልና እምነት አምጥቼላት ነበር። የተቀባነው አፈር ግንባሬ ላይ አለ፤ የተረፈውም በላስቲክ ጠርሙስ ከጠበሉ ጋር ተበጥብጦ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። በስመ አብ ብዬ ረጨሁበት። ጥቂት ነበር ያሰብኩት፤ እጄ ተንቀጠቀጠና ተደፋ። ፊደሎቹ መጀመሪያ ባሰባቸው። ከዚያ መስመር መስመር ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ጠቆረ። ጸጥ አለ። እውነቱን ለመናገር ለቀቀው ብዬ ደስ ብሎኛል። በነጠላዬ ጫፍ ጠራርጌው፣ በብርድ ልብሱ ጠቅልዬው፣ እንደነበረ እንዲሆን ብዬ ቻርጀሩንም መልሼ ሰካሁት።

ስትመለስ አነሳችው። ተጫነችው። ደግማ ተጫነችው። ስንጥቋን በጣቷ ተከትላ እስከ ማዕዘኑ ሄደች።

«አዴ ያልጋ፣ ወድቆ ነበር እንዴ?»

«እኔ እንጃ ሲስተር፤ እኔ ስገባም እንዲሁ ነው።»

ዞር ብላ መስኮቱን አየች። ሁልጊዜ በመስኮት የምትገባ ድመት ነበረች። «ድመቷ ትሆናለች» አለች። መስኮቱ ዝግ መሆኑን ሁለታችንም እናያለን። «ትሆናለች» አልኩ።

አግዳሚው ላይ ቁጭ አለችና ታብሌቱን ጭኗ ላይ አደረገችው። ስትናገር ድምጿ ቀስ ያለ ነበር። ኔትወርክ ጠፍቶ ሁለት ሳምንት የመዘገበችውን አልላከችም። አሥራ አራት ነፍሰ ጡሮች እዚያ ውስጥ ብቻ ናቸው ያሉት። ሁለቱ በዚያው ወር የሚወልዱ ናቸው፤ አንደኛዋ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ነበር። ያኔ ብናገር ምን ትለኝ እንደነበር አላውቅም። ያልተናገርኩት እሷን ፈርቼ አይደለም፤ ከእሷ በላይ ያሉትን አለቆች ነው።

በማግስቱ ሱሉልታ ያሉትን ጥገና ቤቶች ሁሉ ጠየቀች፤ የዚያ ዓይነት ስክሪን የለንም አሏት። እኔ ባሌ በሕይወት ሳለ ቡራዩ ነበር የምንኖረው። እዚያ ኦቦ ለታ የሚባሉ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር፣ አሁን ስልክም ታብሌትም ይሠራሉ። እወስድሻለሁ አልኳት። በአዲሱ ገበያ አድርገን፣ አስኮ ወርደን፣ እንደገና ታክሲ ይዘን ቡራዩ ገባን። መንገዱን ሁሉ ታብሌቱን በብርድ ልብሱ ታቅፋው ነበር። ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ሕፃን መስሏት ቦታ ለቀቀችላት፤ ሲስተር ገዲሴ ገልጣ አላሳየቻትም፣ አመስግና ተቀመጠች።

ኦቦ ለታ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ልማዳቸው ነው፤ ዕቃው እንዴት እንደወደቀ ሳይነገራቸው አይከፍቱም። ሲስተር ገዲሴ ብልሽቱን ልታስረዳ ስትል እጃቸውን አነሱ። «እሱን ተይው። እንዴት ወደቀ?»

እኔ አልነበርኩም አለቻቸው።

«ሐኪም ነሽ አሉኝ። አንቺስ በሽተኛውን ሳትጠይቂ መርፌ ትወጊያለሽ?»

ሳቀች። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ማወቅ የፈለጉት ነገር ያለው እኔ ጋ ነው፤ ሦስታችንም እዚያች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነን። እሳቸውም መልስ ሲያጡ ልማዳቸውን ትተው ከፈቱት። ሙቅ አየር በሚነፋው መሣሪያ ጠርዙን አሙቀው፣ በቀጭን ላስቲክ እየገፉ መስታወቱን አላቀቁት። መስታወቱ ሲሰነጠቅ ጣት የሚያውቀው ታች ስክሪኑ ይሳከርና ሰው ሳይነካው ራሱን ይነካል፤ ይሄ ቀላል ነው፣ ስክሪኑን በሳምንት አስመጣልሻለሁ እያሉ ነው የሚሠሩት። እንደዚያ ሲሉ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ምንም አልገባበትም ነበር ማለት ነው። ከዚያ መብራቱን ዝቅ አደረጉት።

«ይሄ ውሃ ጠጥቷል» አሉ። «ውሃ ጠጥቶ ደግሞ ቻርጅ ተሰክቷል። ቦርዱ ሄዷል፤ ውስጡ ያለው ነገር አይወጣም።» በወረንጦ ከማዕዘኑ አንድ ነገር ጫር ጫር አድርገው ጣታቸው ላይ አሹት። ግራጫ አፈር ነው። «ይሄ ደግሞ ምንድነው? አመድ?»

ሲስተር ገዲሴ ጎንበስ ብላ ጣታቸውን አየች። ከዚያ ቀና ብላ ግንባሬን አየች። ያን ቀን ጠዋትም ከልጄ ጋር ተቀብቼ ነው የወጣሁት። የቤተ ክርስቲያን ሰው ናት፤ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልጋትም።

«ዝናብ መታኝ ኦቦ ለታ» አለች።

ሽማግሌው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ውጭውን አዩ። ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። «በጥር?»

«አዎ፣ በጥር» አለች፤ ታብሌቱን መልሳ በብርድ ልብሱ ጠቀለለችው።

አስኮ ታክሲ ስንጠብቅ ጎን ለጎን ቆመን ነበር። አሁን ትጠይቀኛለች ብዬ እጠብቃለሁ። ብትጠይቀኝ እናገር ነበር፤ ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። እሷ ግን መንገዱን እያየች፣ «ያቺ ትንሿ ልጅሽ፣ ሳሉ ተሻላት?» አለችኝ።

«ተሻላት» አልኩ። «ሲስተር…» ብዬ ስጀምር ታክሲው መጣ። «ግቢ ግቢ፣ ሞላ» አለችኝ። ገባሁ።

ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ቀናት ያደረገችውን አይቼ አልጠገብኩም። ደብተር ገዛች። ዓይኗን ጨፍና አሥራ አራቱን ሴቶች በበራቸው ትቆጥራቸዋለች፤ በስም አይደለም። ሰማያዊ በር፣ መንታ ያላት። ወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ባሏ ዱከም ፋብሪካ የሚሠራው። ግማሽ የተሠራ ቤት፣ ውሻዋ አንካሳ። እያንዳንዷ ቤት በእግር ሄድን፤ እኔም በረፍቴ አብሬያት እሄድ ነበር፣ ማን ሂጂ እንዳለኝ አላውቅም። አሥራ ሦስቱን አገኘናቸው። አሥራ አራተኛዋ ቤት ቀይራ ኮዬ ፈጬ ገብታለች ተባለ፤ ሲስተር ገዲሴ ስልኳን ከጎረቤቷ አግኝታ ደወለችላት። ደም ግፊት የነበራት ሴት ጤና ጣቢያ ሄዳ በሰላም ወለደች። ሲስተር ገዲሴ ይህን በስልክ ስትሰማ ደብተሩን ፊቷ ላይ ከድና ቁጭ አለች። ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኔም ተስፋ አደረግኩ። ሴቶቹ ተገኝተዋል፣ ማንም አልተጎዳም፣ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል አልኩ። አላበቃም። የታብሌቱ ነገር እኛን የሚቆጣጠረው ጤና ጣቢያ ደረሰና ግምገማ ተጠራ። እኔንም ጽዳት ስለሆንኩ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ስላለ፣ ጠሩኝ። ኃላፊው ወጣት ሰው ናቸው፤ ልጄ ቢሆኑ ይደርሳሉ፣ ግን ለወንበሩ ብዬ አንቱ ነው የምላቸው። ታብሌቱ በማን እጅ እንደተበላሸ ጠየቁ።

ሲስተር ገዲሴ ተነሳች። «ከእኔ እጅ ነው የወደቀው። ውሃም የፈሰሰበት በእኔ ነው። መረጃውን ሳልልክ የቀረሁትም እኔ ነኝ።» ተቀመጠች።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሩና ያየሁት ነገር ካለ ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። እሷ ብቻ አላየችኝም፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች፣ እንዳልቸገር ብላ መሰለኝ። አፌ ውስጥ የአበባው እርሻ በር፣ የተፈታው ሽርጥ፣ ልጆቼ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡ።

«ያየሁት የለም» አልኩ።

ከጫንጮ ወዲያ ወዳለ ጤና ኬላ ቀየሯት። ቅጣት ነው አላሉትም፤ ሁላችንም ግን ምን እንደሆነ እናውቃለን። ከቤተሰቦቿ ሰፈር ብዙም አይርቅም፤ ግን ቤቶቹ የተራራቁ፣ መንገዱ የከፋ ነው። ዕቃዋን ያሰረች ቀን ብቻችንን ነበርን። በብርድ ልብሱ የምትጠቀልለው ነገር ስለሌላት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያኔ ነው የጠየቅኳት። ለምን አልኳት፤ ለምን እንደምል ሁለታችንም እናውቃለን።

«እኔን ይቀይሩኛል አዴ ያልጋ» አለችኝ። «አንቺን ግን ያባርሩሻል። መንገድ ነው፣ መንገድ ለምጃለሁ።» ከዚያ የፍሪጁን ነገር አደራ አለችኝ፤ ቅዝቃዜው ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ፣ ከዚያ ከወጣ ቶሎ ለጤና ጣቢያው ደውይ። ሄደች።

በበዓል በበዓል ትደውልልኝ ነበር። ልጆቹን በስም ትጠይቃለች። በየጊዜው ለፋሲካ እሄድና ለኃላፊው እናገራለሁ እላለሁ፤ ፋሲካ ያልፋል። ለመስከረም እላለሁ። ኮንትራቴ የሚታደስበት ቀን ሲቀርብ ሁሉን እረሳዋለሁ። አንድ ጊዜ መንገዱ እንዴት ነው ስላት «ክረምት ላይ ባጃጁን እኛ ነን የምንሸከመው» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ለቅሶ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ከጤና ጣቢያው መኪና ተዘጋጅቶ ነበር፤ ኃላፊውም መጥተዋል። ድንኳኑ ውስጥ እናቷ አዴ ወርቂ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ትልቅ ሴት ናቸው፣ እንደ ልጃቸው አጭር። አጠገባቸው ቦታ ተገኘና ተቀመጥኩ። ከሱሉልታ ከሥራ ቦታዋ ነው የመጣሁት ስላቸው እጄን ያዙ። አማርኛቸው ጥሩ ነው፣ ቀስ እያሉ ይናገራሉ።

«እሷን ያበላሻት እጇ ነው» አሉኝ። «የመንግሥት ዕቃ ሰብራ ነው እዚህ የጣሏት። ከልጅነቷ ጀምሮ ትቸኩላለች። አንድ ዓመት ሙሉ ተቆጣኋት፤ እጅሽ አይጨብጥም ወይ፣ ዕቃ አትይዢም ወይ እያልኩ። በሄደችበት ቀን ጠዋትም ብያታለሁ። አትመልስልኝም፤ ትስቃለች።»

ለእናቷም አልነገረቻቸውም። የገዛ እናቷ እየተቆጧት ዝም ብላለች። ያን ጊዜ እጃቸውን እንደያዝኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ገመዱን፣ ጠበሉን፣ ድመቷን፣ ግምገማውን። በሹክሹክታ ነው የነገርኳቸው። እስክጨርስ ድረስ አንዴም አላቋረጡኝም። እጃቸውን ግን ቀስ ብለው ከእጄ አወጡት።

«አምና አትመጪም ነበር?» አሉኝ።

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

«እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ልጄ ዕቃ ሰብራ እንደተባረረች ነው የሚያውቀው። ተነሽ። ለእኔ እንደነገርሽኝ ንገሪያቸው።»

ተነሳሁ። ኦሮምኛዬ ሰላምታ ብቻ ነው፤ እዚያ ያለው ሰው ደግሞ አብዛኛው የገጠር ሰው ነው። ስለዚህ እኔ አንድ ነገር እናገራለሁ፣ አዴ ወርቂ ተቀምጠው በኦሮምኛ ይደግሙታል። በእሳቸው አፍ የሚወጣውን አልሰማውም፤ አንድ ቃል ብቻ እለያለሁ፤ «ኢንተለ ኮ»፣ ልጄ። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ አለች። ዕቃውን ልጄ አልጣለችውም። ውሃ ያፈሰሰችው ልጄ አይደለችም። ጠበሉ ጋ ስደርስ ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። አዴ ወርቂ ቆም አሉ። ሰውየውን አላዩትም። ከዚያ ያንኑ ደግመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩት። «ያየሁት የለም አልኩ» ብዬ ስጨርስ እሳቸው ይህቺን ለመድገም ጊዜ ወሰደባቸው። አፋቸው ተከፍቶ ቃሉ አልወጣ አላቸው። በመጨረሻ ወጣ።

«ተቀመጪ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም። ንፍሮ አመጡልኝ፤ እጄ ላይ ቀረ።

የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ከድንኳኑ ጥግ ሁሉንም ሰምተዋል። ሰኞ ጠዋት ሽርጤንና የላስቲክ ጫማዬን በፌስታል አስሬ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሰላምን ሁለተኛ ደረጃ ሳላስጨርሳት ልቀር ነው ብዬ ሌሊቱን ሳስብ ነው ያደርኩት። ኃላፊው መጡ። ፌስታሉን አዩና ምንድነው አሉኝ። እንዳይቸገሩ ዕቃዬን አዘጋጅቻለሁ አልኳቸው።

አጠገቤ ቁጭ አሉ። ድምፃቸው የለሰለሰ ነው። ታብሌቱ በእኔ ስም እንዳልተመዘገበ፣ ጽዳት ሠራተኛ በእንዲህ ያለ ነገር እንደማትባረር፣ ቢበዛ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፈው ፋይል ውስጥ ያስገቡት እንደነበር ነገሩኝ። እሷን የቀየሯት ዕቃው በስሟ ስለሆነና ራሷ አጠፋሁ ስላለች ብቻ ነው። በፍርሃት ራሴን እንዳልጎዳ፣ ሥራዬን እንድቀጥል መከሩኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ያኔ አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ኖሮ» አሉኝ፣ «ሁለታችሁም ዛሬ እዚሁ ነበራችሁ።»

ይህን ያሉኝ ሊያጽናኑኝ ነው።